ለአራት ሜትር ኩሽና 16 መስመር ምን ያደርጋል?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ የእንጨት ሥራ ልጆች በስልክ የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። ካቢኔት የሚገጥም ሰው የትኛውን ሌዘር፣ ማለትም ግድግዳ ላይ ልክ የሆነ የብርሃን መስመር የሚጥለውን መሣሪያ፣ ይግዛ የሚል ነው። እኔም ጋ ደረሰ። «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለኝ ሰው ሲበዛ፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል አልኩ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። መስመሩ የበዛውን ግዙ፤ ቢያንስ ባለ 12፣ ከተቻለ ባለ 16። ቀይ ጨረር ጊዜው አልፎበታል፣ አረንጓዴ ብቻ። በ10 ሜትር ከ1 ሚሊ በላይ የሚስት መሣሪያ ለካቢኔት አይሆንም። ሌዘሩ ራሱን በራሱ ስለሚያስተካክል አይሳሳትም፤ ስለዚህ ውሃ ልክና ቱንቢ (ክብደት የተንጠለጠለበት ክር) ከዕቃ ሳጥናችሁ ይውጡ። ግድግዳው ቢጣመምም መስመሩ ያርመዋል። የታችኛውን ካቢኔት ስትገጥሙ ከማዕዘኑ ወለል 88 ሴንቲ ለክታችሁ መስመሩን እዚያ አሳርፉ። አብሮ የሚመጣውን ቀይ መነጽር አድርጉ፣ ዓይናችሁን ይከላከላል። ሪሲቨር (ጨረሩ በዓይን በማይታይበት ቦታ የሚያገኘው መቀበያ) ያለውንና 50 ሜትር የሚደርሰውን ምረጡ።

ሰውየው ክፉ አላሰቡም። መሣሪያ የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ግን ጽሑፉ ካታሎግ ፊት ተቀምጦ የተጻፈ ይመስላል። ካቢኔት የሚገጠምበት ኩሽና ውስጥ የለም። ከመከሩት ውስጥ አንዱ ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከመስመሩ ብዛት ልጀምር። ባለ 12 መስመር የሚባለው መሣሪያ ዙሪያውን የሚሄዱ ሦስት መስመሮች አሉት፤ አንድ አግድም፣ ሁለት ቁም። ሻጭ እያንዳንዱን ዙር አራት ብሎ ስለሚቆጥረው 12 ይሆናል። ባለ 16ቱ ላይ አንድ ዙር ይጨመራል። ተራው ባለ መስቀል ሌዘር ግን ፊት ለፊቱ አንድ አግድምና አንድ ቁም መስመር ብቻ ይጥላል።

እንግዲህ የእኛን ኩሽና አስቡት። አራት ሜትር ከሆነ ሰፊ ነው። ካቢኔቱ በአንድ ግድግዳ ይሄዳል፣ ወይም ማዕዘን ይዞ ይታጠፋል። ለዚህ ሥራ የምፈልገው የሳጥኖቹን ከፍታ የሚያሳየኝ አንድ አግድም መስመርና የመጀመሪያውን ሳጥን ቀጥ የሚያደርግልኝ አንድ ቁም መስመር ነው። ከኋላዬ በሩ ላይ የሚያርፈው መስመር ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ባትሪ ይበላል፣ በቃ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ባለ ዙሩ መሣሪያ የሚገባው ሰው አለ። እዚህ አገር ብዙ ባለሙያ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ አይኖርም። ጠዋት ሴራሚክ ይለጥፋል፣ ከሰዓት ጂፕሰም ኮርኒስ ይሰቅላል፣ በሳምንቱ ካቢኔት ይገጥማል። ለኮርኒስ አራቱንም ግድግዳ በአንዴ የሚዞር መስመር እረፍት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ባለ 12ቱን ይግዛ፣ አይቆጨውም። ካቢኔት ብቻ ለሚገጥም ጀማሪ ግን የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም። በዚያ ብር ሌላ የጎደለውን ዕቃ ያሟላበታል።

ከጎደሉት የመጀመሪያው ደግሞ ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት ነው፦ መያዣው። ስለ መስመር ይህን ሁሉ ጽፈው መሣሪያው ምን ላይ እንደሚቆም አንድ ቃል የለም። ጠባብ ኩሽና ውስጥ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ መሐል ላይ ከተተከለ አንዱ ሳጥን ተሸክሞ ሲገባ ይመታዋል። የቤቱ ባለቤት ቡና ይዘው ሲመጡ ይመቱታል። በተመታ ቁጥር ከፍታው ይቀየራል፣ መስመሩ ግን እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ያበራል። ማንም አይነቃም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ ወይም ኮርኒስና ወለል መሐል የሚወጠር ምሰሶ ላይ የሚታሰር፣ ጥርስ ያለውና በእጅ ሲዞር በሚሊ ከፍ ዝቅ የሚል መያዣ ፈልጉ። በተለይ የምጣድ ቦታ ላይ ሲደረስ ጥቅሙ ይታያል። ብዙ ቤት ምጣዱ የሚቀመጥበት ከሌላው ጠረጴዛ ዝቅ እንዲል ይፈለጋል። ቆሞ እንጀራ የሚጋግር ሰው ክንዱ ማረፍ አለበታ! ያኔ መስመሩን አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ሠርቶ ወደነበረበት መመለስ ነው። ጥሩ መያዣ ላይ ይህ የአፍታ ሥራ ነው። የመጻሕፍት ክምር ላይ የቆመ ባለ 16 መስመር ግን ያሰለቻል።

ቀጥሎ «በ10 ሜትር 1 ሚሊ» የሚለው ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አብዛኛው ደህና ባለ መስቀል ሌዘር በ10 ሜትር 3 ሚሊ ሊስት ይችላል ተብሎ ይጻፍበታል። በአንድ ሜትር ሲሰላ 0.3 ሚሊ ነው። በአራት ሜትር 1.2 ሚሊ፣ ያውም በከፋው ጊዜ። ጸሐፊው የሚፈልጉት መሣሪያ በአራት ሜትር 0.4 ሚሊ ይስታል። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ አይሞላም። የሌዘሩ መስመር ራሱ በዚያ ርቀት ሁለት ሚሊ ያህል ውፍረት አለው። የእርሳስ ጫፍም አለ። አንዴ የመስመሩን ላይ፣ አንዴ ታቹን የሚይዝ ሠራተኛ ያንን ሁሉ ትክክለኛነት በአንድ ጭረት ያጠፋዋል። መሐሉን ያዙ ወይም ላዩን ያዙ፣ ግን እስከ መጨረሻው አትቀይሩ።

ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። ሌዘር በሁለት ዓይነት ይስታል። ወደ ፊት ያዘነበለ እንደሆነ ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ላይ መስመሩ እንዳለ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግን ልክ ነው። ካቢኔታችሁ በአንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ይህን ስህተት በዓይንም በውሃ ልክም አታገኙትም፣ ጉዳትም የለው። ወደ ጎን ያዘነበለ እንደሆነ ግን መስመሩ ራሱ ተዳፋት ይሆናል። ግራው ወርዶ ቀኙ ይወጣል። ካቢኔት የሚያበላሸው ይህኛው ነው። ማዕዘን የሚታጠፍ ካቢኔት ላይ ደግሞ ሁለቱም ይመለከታችኋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈችው አንዲት ቁጥር ይህን ለይታ አትነግራችሁም። ለዚህ ነው ፍተሻ የሚያስፈልገው።

«ራሱን ስለሚያስተካክል አይሳሳትም» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። በመሣሪያው ውስጥ የተንጠለጠለ ክብደት አለ። ሳጥኑ ትንሽ ቢያዘነብል ክብደቱ ወደ ታች ስለሚሳብ መስመሩ ቀጥ ይላል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሠራው እስከ 4 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሲያልፍ መስመሩ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም ይጮኻል። መሣሪያው የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው። ከእጅ ወድቆ የውስጡ ክብደት ወይም መስተዋት ከቦታው ቢነቃነቅ አያውቅም፤ አይጮኽም፣ አያበራ አያጠፋም። ሐሰተኛውን መስመር እንደ እውነተኛው አሳምሮ ይጥለዋል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሥራ የሚወርድ ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ያውቀዋል። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወይም ከድሪልና ከመዶሻ ጋር ማዳበሪያ ውስጥ የተጣለ ሌዘር ኮምቦልቻ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚደርስ አስቡ። መሣሪያው ላይ የውስጡን ክብደት የሚቆልፍ ማብሪያ ወይም ቁልፍ አለ። በጉዞ ላይ ይቆለፍ። ሲደረስም ወዲያው አታብሩት። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ከብርድ ወጥቶ ሙቀት የገባ መሣሪያ ጥቂት ካልተቀመጠ ልኩ ሊዛባ፣ መስተዋቱም ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ሳጥኖቹ እስኪወርዱ ይረፍ።

ፍተሻው ሁለት ነው። የጎን ዝንባሌውን ለማየት ከግድግዳው አራት ሜትር ያህል ርቃችሁ መሣሪያውን አስቀምጡ። አዙሩትና የአግድሙን መስመር ግራ ክንፍ፣ ማለትም ግራ ጫፉን፣ አንድ ቦታ ላይ አሳርፋችሁ ምልክት አድርጉ። ከፍታውን ሳትነኩ አዙራችሁ እዚያው ቦታ ላይ ቀኝ ክንፉን አምጡ። ሁለቱ ምልክቶች ከ2 ሚሊ በላይ ከተራራቁ መሣሪያው ለካቢኔት አይታመንም። የፊቱን ዝንባሌ ለማየት ደግሞ 5 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ግድግዳ አጠገብ አስቀምጡትና መስመሩን እዚያው ላይ ምልክት አድርጉ፤ አዙራችሁ ሩቁ ላይም ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወደ ሩቁ ግድግዳ ውሰዱት። ከፍታውን እዚያ ካደረጋችሁት ምልክት ጋር አስተካክሉና ወደ መጀመሪያው መልሳችሁ ጣሉት። መጀመሪያ ያደረጋችሁት ምልክት ላይ ማረፍ አለበት። የሚታየው ልዩነት የስህተቱ እጥፍ ስለሆነ በዚህ ርቀት እስከ 3 ሚሊ ይፈቀዳል። ከዚያ ካለፈ ወደ ሻጭ።

ቁሙን መስመር የሚፈትነው ማን ነው? ቱንቢ! ጸሐፊው ከዕቃ ሳጥናችሁ ይውጣ ያሉት ቱንቢ። ከበሩ መቃን ላይ አንጠልጥሉት፣ ሲረጋ ክሩን ከመስመሩ ጋር አስተያዩ። ቱንቢ ባትሪ የለው፣ ሲወድቅ አይበላሽ፣ ልኩ አይዛባ። ውሃ ልክም እንደዚያው። ሌዘሩ የሳጥኑን ከፍታ ከግድግዳው ጋር ያሳያችኋል። 60 ሴንቲ ወደ ፊት የሚወጣው ሳጥን ግንባሩ አቀርቅሮ ይሁን ቀና ብሎ ግን በውሃ ልክ ነው የምታዩት። ግንባሩ ያቀረቀረ ካቢኔት በሩ በራሱ ይከፈታል፣ መሳቢያው ይወጣል። ውሃ ልኩንም ቢሆን ገልብጣችሁ ፈትኑት። ቦታው ላይ አዙራችሁ ስታስቀምጡት አረፋው እዚያው ካልመጣ እሱም ይዋሻል።

አሁን ወደ ወለሉ። ከጽሑፉ ሁሉ ጀማሪን ኪሳራ ላይ የሚጥለው ይህ «ከማዕዘኑ 88 ሴንቲ ለክታችሁ» የሚለው ነው። እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የገጠምነውን አንድ ኩሽና ላሳያችሁ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ሲያዩት ጠረጴዛ ይመስላል። ሌዘሩን አንድ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ የትም ቢሆን ግድ ሳይሰጠን፣ አበራንና ከመስመሩ ወደ ታች በሜትር ለካን። ግራ ማዕዘን 1002 ሚሊ። የዕቃ ማጠቢያው ሥር 994። በሩ አጠገብ 985። ቁጥሩ ያነሰበት ቦታ ወለሉ ከፍ ያለበት ነው። በሩ ጋ ያለው ወለል ከማዕዘኑ 17 ሚሊ ይበልጣል ማለት ነው።

ሳጥኑ 780 ሚሊ ነው፣ የፕላስቲክ እግሩ ሲያጥር 100 ሚሊ፣ ድምር 880። ላዩ ላይ 2 ሴንቲ ግራናይት ሲመጣ 90 ሴንቲ ይሞላል። በጸሐፊው ምክር ከግራ ማዕዘኑ 880 ለክተን ብንጀምር በሩ ጋ ስንደርስ የሚተርፈው ከፍታ 863 ነው። ሳጥኑን ቀንሱበት፣ ለእግሩ 83 ሚሊ ይቀራል። እግሩ ደግሞ ከ100 አያጥርም። ያኔ ምን ይደረጋል? ወይ የመጨረሻውን ሳጥን ታች መቁረጥ ነው፣ ወይ የተገጠመውን ሁሉ እንደገና ማንሳት። ከበሩ በኩል ብትጀምሩ ግን እዚያ እግሩ 100 ላይ ይቆማል፣ ማዕዘኑ ጋ 117 ይዘረጋል፣ ነገሩም ያልቃል። እግር ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከወለሉ ከፍተኛ ቦታ ተነሱ። ይህን ከፍተኛ ቦታ ለማግኘት ሌዘር የሚያህል መሣሪያ የለም። ጸሐፊው ይህን ጥቅሙን ዘለሉት።

ግድግዳውን በተመለከተ አጭር ነው። ሌዘር ጠማማን ያሳያል፣ አያቀናም። ግድግዳው ከሆዱ ከገፋ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ሽብልቅ እየገባ መሙላት ያለበት ሠራተኛው ነው፤ ጫፉ ላይ ክፍተቱን የሚዘጋው ጣውላም በግድግዳው ቅርጽ ይከረከማል። የጭቃ ቤት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደሴ ውስጥ ልስኑ ያማረ ግን ውስጡ ጭቃ የሆነ ቤት ሞልቷል። ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) ጭቃ አይነክስም። የላይኛውን ካቢኔት ከመስቀላችሁ በፊት ቋሚዎቹ የት እንዳሉ አንኳኩታችሁ አግኙና በእነሱ ላይ ጠንካራ አግድም ጣውላ በብሎን እሰሩ። ካቢኔቱ የሚሰቀለው እዚያ ጣውላ ላይ ነው። መስመሩ የቱንም ያህል ቢያምር ሳህን የሞላ ካቢኔት የሚይዘው እንጨት ነው።

«አረንጓዴ ብቻ» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። የሰው ዓይን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ (የብርሃን ቀለም የሚለይበት ልክ) 555 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን ነው። ቀዩ 635 እና 650 መሐል ስለሆነ በእኩል ጉልበት ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ኮምቦልቻ ውስጥ መስኮቱ ገና ያልተገጠመ አዲስ ቤት ከገባችሁ አረንጓዴውን ትመርጣላችሁ፣ ፀሐዩ ቀዩን ይውጠዋል። ደሴ ላይ ግን፣ በተለይ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ፣ ኩሽናው ውስጥ በቀን አምፖል ይበራል። እዚያ ቀዩ ይበቃል፣ ባትሪውም ይቆያል። አረንጓዴ ከገዛችሁ ደግሞ የድሮውን 532 ናኖሜትር ራቁት። ብርድ አይወድም፣ የኅዳር ጠዋት ላይ ይደበዝዝባችኋል። 515 ወይም 520 የሚል የተጻፈበት ይሻላል። የሚያብረቀርቅ የካቢኔት በር ላይ ሁለቱም ይንሸራተታሉ። የቀለም ቀቢዎችን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና እሱ ላይ ምልክት አድርጉ።

መነጽሩ! ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ይህ ነው። ቀዩ መነጽር መስመሩን አጉልቶ እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ዓይንን ከጨረር አይከላከልም። ይከላከላል ብሎ ያመነ ሰው ቀና ብሎ ጨረሩን ሊያይ ይችላል። መሣሪያው ላይ ቢጫ ምልክት ፈልጉ፤ ክፍል 2 (Class 2) የሚል መሆን አለበት። እነዚህ ጉልበታቸው ከ1 ሚሊዋት አያልፍም፣ ሰው በሩብ ሰከንድ ውስጥ ዓይኑን ስለሚጨፍን በድንገት ቢያርፍ አይጎዳም። 3አር (3R) የሚባለው ክፍል እስከ 5 ሚሊዋት ይደርሳል። ምንም ያልተጻፈበት ደግሞ ገበያ ላይ አለ፤ አትንኩት። አንድ ነገር ልጨምር። የታችኛው ካቢኔት መስመር የሚሄድበት ከፍታ የቤቱ ሕፃን ዓይን ያለበት ከፍታ ነው። ድሪል ሲጮህ ሮጦ የሚመጣው ደግሞ እሱ ነው። እናቱን ቀድማችሁ ንገሯት፣ ምልክቱ ሲያልቅም አጥፉት።

ሪሲቨርና 50 ሜትር? ለኩሽና አያስፈልግም፣ ደጅ ለሚሠራ ነው። ከዚያ ይልቅ ሲገዙ ባትሪውን ይዩ። በሚሞላ ባትሪም፣ ከሱቅ በሚገዛ የባትሪ ድንጋይም የሚሠራውን ያዙ። መብራት ሲጠፋ ባለቤቱ «ነገ ትመጣላችሁ?» ከሚሏችሁ ከጎረቤት ሱቅ ድንጋይ ገዝቶ ሥራውን መጨረስ ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ በረንዳ ላይ መሣሪያውን አብሩት። ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፣ ከልኩ ሲያልፍ ብልጭ ማለቱን እዩ። ልቀቁት፣ መስመሩ ወዲያና ወዲህ ብሎ በቶሎ ይረጋ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ የግራና ቀኝ ክንፉን ፍተሻ ከፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ አድርጉ። ባለ ሱቁ «አዲስ ነው፣ ምን ያስፈትሸዋል» ካሉ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።